ዋደራ ኩማሲ ውስጥ ምን ይሠራል?

ጋና ውስጥ፣ በአሻንቲዎቹ ከተማ በኩማሲ፣ አንድ የጦር ካምፕ አለ። የጋና ጦር አራተኛ እግረኛ ሻለቃ ቤቱ እዚያ ነው። የካምፑ ስም ዋደራ ነው። አዎ፣ የኛዋ ዋደራ፤ ከአዶላ ወደ ነጌሌ ቦረና ስትወርዱ መንገድ ላይ የምታገኟት የጉጂዋ ዋደራ።

በዚህ አያበቃም። አክራ ላይ በርማ ካምፕ በሚባለው ሰፊ የጦር ግቢ ውስጥ ጎንደር የሚባል ሰፈር አለ። ማላዊ ውስጥ ሙዙዙ የምትባል የሰሜን ከተማ አለች፤ እዚያ ያለው የሦስተኛው ሻለቃ ካምፕ ደግሞ ሞያሌ ይባላል። ካምፑ በአገሪቱ ሊግ የሚጫወት የእግር ኳስ ቡድን ስላለው የማላዊ ሰው «ሞያሌ አሸነፈ»፣ «ሞያሌ ነጥብ ጣለ» እያለ ነው የሚያወራው። ዳሬሰላም ውስጥም አንድ ጊዜ ኮሊቶ የሚባል ካምፕ ነበር። ኮሊቶ ማለት የሃላባዋ ቁሊቶ ናት፤ ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ ስትሄዱ በርበሬ የምትገዙባት ከተማ።

መጀመሪያ ይህን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ። ከዚያ ግን አንድ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። እነዚህ አገሮች ነፃ ሲወጡ ከወታደሮቻቸው ላይ የእንግሊዝን ዘውድ አውርደዋል፤ ታዲያ የኛን ቦታዎች ስም ለምን አላወረዱም? አንዷ አገር አውርዳለች፣ ሌሎቹ ግን አልነኩትም። ልዩነቱን ማወቅ ፈለግኩ። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በኛ ሲሆን «በኛ» እላለሁ።)

ጉዳዩ ዛሬም ትኩስ ነው። ኒጀር በ2024 ኦክቶበር ላይ ኒያሜ ውስጥ በሻርል ደጎል ስም ይጠራ የነበረውን ጎዳና ለራሷ ፖለቲከኛ ለጂቦ ባካሪ ሰጠችው። ማሊም በዚያው ዓመት መጨረሻ ባማኮ ውስጥ የፈረንሳይ ስሞችን ከጎዳናዎች አነሳች። ናይጄሪያ ደግሞ በተቃራኒው ሄደች፤ በ2024 ሜይ ወር፣ አንዲት እንግሊዛዊት ግጥሙን የጻፈችውን የ1960ውን ብሔራዊ መዝሙር መልሳ አመጣችው። ስለዚህ «የቅኝ ገዢ የሆነው ነገር የቱ ነው? የኛ የሆነውስ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ገና አልተዘጋም። እኔ ይህን ጥያቄ ወታደሩ ልብስ ላይ ማየት እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ነገሩ በጣም ግልጽ ሆኖ ይታያል።

እስቲ ከምልክቶቹ እንጀምር። በእንግሊዝ ሥር የነበረ የአፍሪካ እግረኛ ወታደር ቆቡ ላይ የሬጅመንቱ፣ ማለትም የጦር ክፍሉ፣ አርማ አለው። የመኮንኑ ትከሻ ላይ ኮከብና ዘውድ አለ። ከሁሉም የሚከበረው ግን የሬጅመንቱ ባንዲራ ነው፤ የድሮ ሰዎቻችን «ዓላማ» የሚሉት። አንድ ሻለቃ ሁለት ይይዛል። አንዱ የንጉሡ ወይም የንግሥቲቱ ነው፣ አንዱ የሬጅመንቱ የራሱ። ጨርቁ ላይ ደግሞ የቦታ ስሞች በክር ይሰፋሉ። እነዚህ ስሞች ሬጅመንቱ የተዋጋባቸው የጦር ሜዳዎች ናቸው። ማንም ዝም ብሎ አይሰፋቸውም፤ ክብሩ በይፋ መፈቀድ አለበት። በሰልፍ ቀን ባንዲራው በወታደሩ ፊት ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ወታደሩም ለጨርቁ ሰላምታ ይሰጣል።

አሁን ልብ በሉ። ሜዳሊያ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው፣ ስሙ ተጽፎ። ዘውዱ የንጉሡ ነው። ትከሻ ላይ ያለው ኮከብ የመኮንኑ ነው፤ መኮንኖቹ በዚያን ጊዜ ከሞላ ጎደል በሙሉ ነጮች ነበሩ። ባንዲራው ላይ የተሰፋው የቦታ ስም ግን የሻለቃው ሁሉ ነው። ምግብ ያበሰለው፣ ጥይት የተሸከመው፣ ወንዝ ሲሻገር የሞተው፣ ስሙን ማንም ያልጻፈው ተራ ወታደር ከዚያ ሁሉ ምልክት ውስጥ ድርሻ ያለው በዚህ ብቻ ነው። እኔ ክርክሩን የማየው ከዚህ ተነስቼ ነው።

እነዚህ ሰዎች እኛ አገር እንዴት መጡ? በ1940 ጣሊያን እንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ ኢትዮጵያ በጣሊያን እጅ ነበረች። እንግሊዝ ከደቡብ በኩል የላከችው ጦር አብዛኛው እግረኛ አፍሪካዊ ነበር። ከምሥራቅ አፍሪካ ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ የሚባለው ሬጅመንት መጣ፤ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና የዛሬዋ ማላዊ ከሆነችው ከኒያሳላንድ የተመለመሉ ሻለቆች ነበሩት። ከምዕራብ አፍሪካ አንድ የናይጄሪያ ብርጌድና አንድ የጎልድ ኮስት ብርጌድ፣ ማለትም የዛሬዋ ጋና፣ በመርከብ ዞረው መጡ። ናይጄሪያውያኑ በጅጅጋ በኩል የማርዳን በር ሰብረው ሐረር ገቡ። መጋቢት 28 ቀን 1933 በኛ፣ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ መሆኗ ሲያበቃ ከገቡት ውስጥ ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ነበሩ። እኛ የምናከብረው ንጉሠ ነገሥቱ የገቡበትን ሚያዝያ 27ን ስለሆነ ያ ቀን ብዙም አይነሳም።

የጎልድ ኮስት ሰዎች ግን ወደ አዲስ አበባ አልሄዱም። ጁባ ወንዝን ተሻግረው፣ በነጌሌ ቦረና በኩል ወደ ሰሜን ወጡ። ዋደራ ላይ ጣሊያኖቹ መንገዱን ዘግተው ጠበቋቸው። ከኤፕሪል 19 እስከ ሜይ 10 ቀን 1941 ድረስ እዚያ ተዋጉ። ሦስት ሳምንት ማለት ነው። የጉጂን ደን በዝናብ ወራት ያያችሁ ሰዎች የምለው ይገባችኋል፤ ጭቃው፣ ጉሙ፣ አምስት እርምጃ ፊት ለፊት የማይታይበት ጫካ። ከአክራና ከኩማሲ የመጣ ልጅ ብርዱን እንዴት እንደቻለው አላህ ይወቀው። በመጨረሻ ምሽጉን ሰበሩት። ኩማሲ ያለው ካምፕ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

እነዚያው የጎልድ ኮስት ወታደሮች ቀጥለው ወደ በርማ ሄዱ፣ ጃፓንን ለመውጋት። የጋና ካምፖች ስም ዝርዝር ከዚህ የተነሳ እንደ ጦርነት ካርታ ነው የሚነበበው። አክራ ላይ አራካን፣ ታኮራዲ ላይ ሚዮሃውንግ፣ ታማሌ ላይ ካላዳን፤ ሦስቱም የበርማ ስሞች ናቸው። ዋደራና ጎንደር ደግሞ የኛ።

ጋና በማርች 6 ቀን 1957 ነፃ ወጣች። የጎልድ ኮስት ሬጅመንት የጋና ሬጅመንት ሆነ። ዘውዱ ወዲያው አልወረደም። ንግሥቲቱ እስከ ጁላይ 1 ቀን 1960 ድረስ የአገሪቱ ርዕሰ ብሔር ነበረች፣ ጦሩንም የሚመሩት እንግሊዛውያን ጄኔራሎች ነበሩ። ንክሩማህ የመጨረሻውን እንግሊዛዊ አዛዥ ያሰናበተው በ1961 ሴፕቴምበር ላይ ነው። ንክሩማህ ለቅኝ ግዛት ምልክት የሚራራ ሰው አልነበረም፤ ይህን ማንም ያውቃል። ሆኖም የጦር ሜዳዎቹ ስም ቀረ።

ለምን? መልሱ ያለው በ1948 ይመስለኛል። ፌብሩዋሪ 28 ቀን ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮች አክራ ላይ ሰልፍ ወጡ። ጡረታ ተብሎ ቃል የተገባላቸው ነገር አልመጣም፣ ሥራ የለም፣ ኑሮ ተወዷል። መሣሪያ አልያዙም፤ አቤቱታ ይዘው ወደ ገዢው መኖሪያ ወደ ክርስቲያንስቦርግ ግንብ እየሄዱ ነበር። መስቀለኛው መንገድ ላይ ፖሊስ አስቆማቸው፣ አንድ እንግሊዛዊ የፖሊስ አዛዥም ተኮሰ። ሳጅን አጄቴ፣ ኮርፖራል አቲፖና ተራ ወታደር ኦዳርቴ ላምፕቴ ሞቱ። ከተማው በቁጣ ነደደ። እንግሊዞች ንክሩማህን ጨምረው ስድስት መሪዎችን አሰሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ወደ ኋላ አልተመለሰም፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አገሪቱ ነፃ ወጣች። ጋና ይህን ቀን ዛሬም በየዓመቱ ታስባለች።

ስለዚህ ለጋና ሰው «የጦርነቱ ዘማች» ማለት የንጉሡ አገልጋይ ብቻ አይደለም። ነፃነቱ በእነሱ ደም ነው የተጀመረው። ከ60 ሺህ የሚበልጡ የጎልድ ኮስት ሰዎች ለዚያ ጦርነት ዩኒፎርም ለብሰዋል። ዋደራ የሚለውን ስም ካምፑ በር ላይ ማውረድ የእነሱን ድካም ማውረድ ይሆን ነበር። ይህን ውሳኔ ትክክል ነው እላለሁ፣ ያለ ምንም ማመንታት።

አሁን ወደ ዳሬሰላም እንሂድ፤ እዚያ ታሪኩ ሌላ መንገድ ይዟል።

የታንጋኒካ ወታደሮች በኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ውስጥ ስድስተኛው ቁጥር የነሱ ነበር። ግንቦት 11 ቀን 1933 በኛ፣ በብላቴ ወንዝ አጠገብ ቁሊቶ ላይ ከጣሊያኖች ጋር ገጠሙ። ወንዙን የተሻገሩት ወታደሮች ላይ የጣሊያን ታንኮች መጡባቸው። ናይጀል ሊኪ የሚባል ሳጅን፣ ኬንያ የተወለደ የእንግሊዝ ሰፋሪ ልጅ፣ እየሄደ ያለ ታንክ ላይ ዘሎ ወጣ፤ ክዳኑን በእጁ ከፍቶ ከሾፌሩ በቀር ውስጥ ያሉትን በሽጉጥ ገደለ። ሌላም ታንክ ላይ ለመውጣት ሲሞክር ተመቶ ሞተ። እንግሊዝ ያላትን ትልቁን የጀግንነት ሜዳሊያ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ ከሞተ በኋላ በ1945 ሰጠችው። ሊኪ ጀግና ነው፣ በዚህ ጥያቄ የለኝም። ግን ከጎኑ የነበሩት አስካሪዎች፣ ማለትም አፍሪካውያኑ ወታደሮች፣ ታንክ ሲመጣባቸው ቦታቸውን ያልለቀቁት፣ ስማቸው የት አለ? የነሱ ድርሻ «ኮሊቶ» የሚለው ቃል ነበር። እሱም ዳሬሰላም ያለው ካምፕ ስም ሆነ።

ዲሴምበር 9 ቀን 1961 ታንጋኒካ ነፃ ወጣች፣ ሻለቃውም ታንጋኒካ ራይፍልስ ተባለ። በዚያች ሌሊት ከዚሁ ሬጅመንት የወጣ አሌክሳንደር ኒሬንዳ የሚባል ወጣት መኮንን ኪሊማንጃሮ ጫፍ ላይ የአገሩን ባንዲራና የነፃነቱን ችቦ ተከለ። ጫፉ ዛሬ ኡሁሩ ይባላል፤ ነፃነት ማለት ነው። ያንን ምሽት ሳስበው ልቤ ይሞላል። የንጉሡ ሬጅመንት መኮንን ሆኖ ሠልጥኖ፣ የአፍሪካን ከፍተኛ ተራራ በአገሩ ምልክት ያበራ ሰው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ነገሩ ተበላሸ። ጃንዋሪ 20 ቀን 1964 ሌሊት ኮሊቶ ካምፕ ውስጥ ያለው ሻለቃ አመፀ። ጥያቄያቸው ሁለት ነበር፤ ደመወዝ ይጨመር፣ እንግሊዛውያኑ መኮንኖች ይሂዱና አፍሪካውያን ይተኩ። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ሁለተኛው ጥያቄ የምልክት ጥያቄ ነው። አገሩ ነፃ ወጥቷል፣ ባንዲራው ተቀይሯል፣ ጠዋት ጠዋት የሚያዝዘው ግን ያው ነጭ መኮንን ነው። ወታደሩ ነፃነቱን የሚለካው ትከሻ ላይ ባየው ነገር ነበር። ታቦራ ያለው ሁለተኛው ሻለቃም ተከተለ። የሱም ካምፕ ካሌዋ ይባል ነበር፣ ይህኛው ከበርማ የመጣ ስም ነው። በቀናት ውስጥ አመፁ ወደ ኡጋንዳ ጂንጃና ወደ ኬንያ ላኔት ተዛመተ። ኔሬሬ አማራጭ አጥቶ እንግሊዝን እርዳታ ጠየቀ። ጃንዋሪ 25 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ኮማንዶዎች ከመርከብ ላይ በሄሊኮፕተር መጥተው ኮሊቶ ላይ አረፉ፣ አመፁንም አስቆሙ። ነፃ ከወጣ ሁለት ዓመት ለሆነው መሪ የገዛ ጦሩን በቀድሞው ገዢ ማስገዛት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት ይቻላል። በኋላ እንግሊዞቹን የተካው ከናይጄሪያ የመጣ ሻለቃ ነው።

ኔሬሬ ከዚያ በኋላ ጥገና አልፈለገም። ታንጋኒካ ራይፍልስን አፈረሰው። ቁጥሩ፣ አርማው፣ ስሙ፣ ሁሉም ሄደ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1964 ሌላ ጦር ተመሠረተ፤ በስዋሂሊ ስሙ «የታንዛንያ ሕዝብ ጦር» ማለት ነው። ከፓርቲው ወጣቶች ተመልምሎ። ኮሊቶ ካምፕም ሉጋሎ ተባለ።

ሉጋሎ ማን ነው? ቦታ ነው፣ ኢሪንጋ አጠገብ። በኦገስት 17 ቀን 1891 የሄሄዎቹ መሪ ምክዋዋ እዚያ ላይ አንድ የጀርመን ጦር ድፍን አድርጎ ደመሰሰ። የጀርመኑ አዛዥ ዜለቭስኪ ሞተ። ለኛ አድዋን ያህል ባይሆን እንኳ ዶጋሊን ያህል ነው ለነሱ። ስለዚህ ምርጫው ግልጽ ነው፤ ለእንግሊዝ ንጉሥ ከተዋጋንበት ቦታ ይልቅ፣ የጀርመኑን ንጉሠ ነገሥት ጦር ከመታንበት ቦታ ስሙን እንውሰድ አሉ። በኔሬሬ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ የማደርግ ይመስለኛል። ኮሊቶ የሚለው ስም በዚያች ሳምንት የውርደት ስም ሆኖበት ነበር።

ግን አንድ ነገር ጠፋ። ቁሊቶ ላይ የሞቱት የታንጋኒካ ልጆች ምንም አላመፁም። ከ23 ዓመት በኋላ በነሱ ስም በተጠራ ካምፕ ውስጥ በተነሳ ረብሻ ምክንያት የነሱ አንድ ቃል አብራ ተፋቀች። ሉጋሎ ላይም ቢሆን ከጀርመኖቹ ጋር የሞተው አብዛኛው ወታደር አፍሪካዊ ነበር፣ ሱዳናዊው አስካሪ፣ ከሞዛምቢክ የመጣው። ማለቴ፣ የትኛውንም የጦር ሜዳ ስም ብትመርጡ ሥሩ የአፍሪካ ደም አለበት፤ ንጹሕ ስም ፍለጋ መጨረሻ የለውም።

ኬንያ ቀለል ባለ መንገድ ነው የሄደችው። ሦስተኛውና አምስተኛው ሻለቃ «ኬንያ ራይፍልስ» ተባሉ እንጂ ቁጥራቸው አልተለወጠም። ራይፍልስ የሚለው ስም ራሱ ከእንግሊዝ ነው የመጣ። የድሮው ሬጅመንት አርማም መለከት ነበር፤ በከበሮ ፈንታ በመለከት ከሚታዘዙት ከእንግሊዝ ተኳሾች የተወረሰ። ላኔት ላይ ያመፀው አስራ አንደኛው ሻለቃ ግን ፈረሰ። አመፁ ውስጥ እጃቸው እንደሌለ የተረጋገጠላቸው ወታደሮች «አንደኛ ኬንያ ራይፍልስ» በሚል አዲስ ቁጥር ተሰበሰቡ። ቅጣቱ በቁጥር ነው የተገለጸው። ለሲቪል ሰው ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል፤ ወታደር የነበረ ዘመድ ያለው ግን የክፍሉን ቁጥር መነጠቅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ማላዊ በ1964 ጁላይ ነፃ ወጥታ የአንደኛውን ሻለቃ ታሪክ ይዛ ቀጠለች፤ ማላዊ ራይፍልስ ብላ። ሞያሌ የመጣው ከዚያ ነው። ጁላይ 1940 ላይ ጣሊያኖች ሞያሌን ከብበው ሲደበድቡ ምሽጉን ይዘው የቆዩት የኒያሳላንድ ወታደሮች ነበሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌሊት ተሹለክልከው ወጡ። ልብ በሉ፣ ይህ ድል አይደለም። ማፈግፈግ ነው። የካምፑ ስም ግን ሆኗል፤ ከበባውን ችለው ቆይተዋል፣ ያ ራሱ ይበቃል ብለዋል። እኔ ይህን ስም ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ።

ዛምቢያንም ልጥቀስ። የሰሜን ሮዴዥያ ሬጅመንት አርማ ዓሣ የያዘ ንስር ነበር። በ1964 ኦክቶበር ነፃ ሲወጡ ንስሩን አላባረሩትም፣ ዛሬ የዛምቢያ ባንዲራ ላይ የሚበረው ያ ወፍ ነው። ወንዞቻቸው ላይ ስለሚኖር የማንም ቅኝ ገዢ ንብረት ሊሆን አልቻለም። ንዶላ ያለው ካምፕ ደግሞ ቱግ አርጋን ይባላል፤ ሶማሌላንድ ውስጥ በኦገስት 1940 የተዋጉበት ሸለቆ ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው የናይጄሪያ ነው። ናይጄሪያ በ1960 ነፃ ስትወጣ ጦሩ «ንጉሣዊ የናይጄሪያ ጦር» ይባል ነበር። በ1963 ሪፐብሊክ ስትሆን «ንጉሣዊ» የሚለው ወረደ፤ ትከሻ ላይ በዘውዱ ቦታ ንስር ገባ። የጦሩ አርማ ላይ ግን አንድ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ ሐረግ ቀረ፤ «ናስሩን ሚን አላህ»፣ ድል ከአላህ ነው ማለት ነው። ከቅዱስ ቁርኣን የተወሰደ ነው። ከሱ ጋር ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ አለ፣ እኛ የሰሎሞን ማኅተም የምንለው። ወደ ጦሩ የገባው በቅኝ ግዛቱ ዘመን ነው፣ አብዛኛው ወታደር ከሰሜኑ ሙስሊም አካባቢ በሚመለመልበት ጊዜ።

ይህ አርማ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። አንድ ጠበቃ ሌጎስ ላይ ክስ አቅርቦ «አገሪቱ መንግሥታዊ ሃይማኖት የላትም፣ ይህ ጽሑፍ ይነሳ» ብሏል። በአገሪቱ ገንዘብ፣ በናይራ ኖቶች ላይም ተመሳሳይ ክርክር ተነስቷል። ማዕከላዊ ባንኩ በ2007 ከአነስተኛዎቹ ኖቶች ላይ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈውን ሐውሳ አንስቶ በላቲን ፊደል ተክቶታል፤ ከትላልቆቹ ላይ ግን አላነሳውም። ታዲያ አርማው የማን ነው? የእንግሊዝ ነው እንዳይባል ቃሉ የቁርኣን ነው። የሰሜኑ ነው ቢባል የደቡቡ ወታደርም ከ60 ዓመት በላይ ደረቱ ላይ አድርጎት፣ የሰላም ማስከበር ዘምቶበት፣ ሞቶበታል። እዚህ ላይ እኔ እንደ ዋደራው ቆራጥ መልስ የለኝም። አንድ ነገር ግን እላለሁ፤ የጦር ሜዳ ስም ሁሉንም የሻለቃ አባል እኩል ያካትታል፣ የጸሎት ቃል ግን አንዱን አቅርቦ ሌላውን ሊያርቅ ይችላል። ክርክሩ እንዲህ የከረረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን። ዘውድ ማውረድ እኛም እናውቃለን። ደርግ በ1975 ከአንበሳው ራስ ላይ ዘውዱን አንስቷል፣ የያዘውንም መስቀል ወደ ጦር ጫፍ ቀይሯል። ጦራችን ስም ሲያወጣ ግን ሌላ ልማድ ነበረው፤ ከቦታ ይልቅ ከፈረስ ስም ይወስዳል። ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን ፈረስ ነው። ኮንጎ የዘመተው ጠቅልም ከንጉሠ ነገሥቱ የፈረስ ስም። እነ ጠቅል በ1960 ኮንጎ ሲገቡ የጋና ሻለቆችም እዚያው ነበሩ። ዋደራን በአርማው ይዞ የሚኖር ጦርና ዋደራ ያለችበት አገር ጦር አንድ የተባበሩት መንግሥታት ሰማያዊ ምልክት አድርገው ጎን ለጎን ቆሙ።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ፣ የአጻጻፉ ነገር። ኩማሲ በር ላይ ያለው ስም በላቲን ፊደል የሚጀምረው በ«ዩ» ነው፣ በ«ደብልዩ» ሳይሆን። ኮሊቶም በ«ሲ» ነው የተጻፈው። ምክንያቱ ጣሊያን ነው። እንግሊዞቹ ሲዋጉ የያዙት የጣሊያን ካርታ ነበር፤ ጣሊያንኛ ደግሞ «ዋ»ን የሚጽፈው በ«ዩ» ነው። ስሞቹ ከካርታው ወደ ሪፖርት፣ ከሪፖርት ወደ ባንዲራ፣ ከባንዲራ ወደ ካምፕ በር እንዳሉ ተገለበጡ። ነቀምት እንኳ «ለከምቲ» ሆና ነው የተሰፋችው። ስለዚህ አንድ የጋና ወታደር ዛሬ ካምፑ በር ላይ ሲያልፍ የሚያነበው የጉጂን ቦታ ነው፣ በጣሊያን አጻጻፍ፣ በእንግሊዝ ልማድ፣ ለጋና ሰዎች መታሰቢያ። አራት አገር አንድ ሰሌዳ ላይ።

ሌላው የሚከነክነኝ ዋደራ ላይ ያለው ዝምታ ነው። እኛ ስለዚያ ጦርነት ስናወራ አርበኞቻችንን እናነሳለን፣ ይገባቸዋልም። እንግሊዝን እናነሳለን፣ አብዛኛውን ጊዜ በቅሬታ። ከጫካው ውስጥ ሦስት ሳምንት የቆሙትን የአሻንቲና የሰሜን ጎልድ ኮስት ልጆች ግን ማን ያነሳቸዋል? በብላቴ ድልድይ ላይ በየቀኑ ስንት አውቶቡስ ያልፋል፤ ተሳፋሪው በዚያች ቦታ ስም የተጠራ ካምፕ ዳሬሰላም ውስጥ እንደነበር አያውቅም። ነጮቹ ባንዲራ ላይ ሰፉት፣ ጋናዎቹ በር ላይ ጻፉት፣ የቦታው ባለቤቶች እኛ ግን አልሰማንም።

እኔ የምለው ቀላል ነገር ነው። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ አዲስ አበባ ነው፤ የጋናም የማላዊም የታንዛንያም ዲፕሎማቶች እዚሁ ናቸው። ከአራተኛው ሻለቃ አንድ አሥር ወታደር በአዶላ መንገድ ዋደራ ድረስ ቢወሰድ፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ቢነግሯቸው፣ ትክክለኛው አጠራርም ከባለቤቶቹ አፍ ቢሰማ። ወደ ኩማሲ ሲመለሱ ከዚያ ጫካ አንድ ድንጋይ ይዘው ቢሄዱ፣ በሩ ሥር የሚያስቀምጡት።